ሐዘን ላይ ሳላችሁ በእምነት መጽናናት፦ ታናሽ ወንድሜን ካጣሁ በኋላ የረዱኝ ነገሮች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እምነት ያለው ሰው አያለቅስም የሚባለው ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ አይደለም። የምትወዱት ሰው ሞቶባችሁ አንጀታችሁ ቢላወስ፣ ለጸሎት ቆማችሁ አንድ ቃል እንኳ ከአፋችሁ አልወጣ ቢል፣ እምነታችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። ሐዘን ላይ ናችሁ ማለት ነው።

እኔ ያጣሁት ታናሽ ወንድሜን ነው። ኩላሊቱን ታሞ ነበር። ከሞቱ በኋላ የትኛው ነገር ደግፎ እንዳቆመኝ፣ የትኛው ደግሞ ሸክም እንደጨመረብኝ ለይቼ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ሐዘኑ ገና ትኩስ ለሆነበት ሰው ነው። ሁሉንም በአንዴ ካላደረግሁ አትበሉ። አንዱን ያዙ፣ ሌላውን ለሌላ ቀን ተዉት።

መጀመሪያ ብሉ፣ ተኙ

ይህ መንፈሳዊ ምክር አይመስልም። ግን ነው። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሲለምን እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልሰበከውም፣ አልገሠጸውምም። «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ተነሥቶ እንዲበላ ነገረው። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ታገኙታላችሁ። እግዚአብሔር ኤልያስን «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ባይርባችሁም ትንሽ ቅመሱ። ውኃ ጠጡ። እንቅልፍ እምቢ ቢልም ጋደም በሉ። ሌሊቱ ሲረዝምብኝ እኔን የያዘኝ ጌታ በመስቀል ላይ የጸለያት አጭር ጸሎት ናት፦ «አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ»። ሉቃስ 23፥46። መብራቱን አጥፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ግማሹን ወደ ውስጥ ስተነፍስ፣ ግማሹን ሳስወጣ እላታለሁ። ሐሳቤ ወንድሜ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ሲሮጥ አልታገለውም፤ ቀስ ብዬ ወደ ጸሎቷ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንዳንዴ አይወስደኝም፤ ቢያንስ ግን ሌሊቱን ብቻዬን አላሳለፍሁትም።

ለማልቀስ ፈቃድ አትጠይቁ

አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ ወደ መቃብሩ ከመድረሱ በፊት አለቀሰ። እንደሚያስነሣው ያውቃል፤ ቀድሞም ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። እያወቀ አለቀሰ። ይህን ልብ በሉልኝ። የትንሣኤ ተስፋ እንባን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው የማያለቅስ ሰው እርሱ ይሆን ነበር።

እርሱ ብቻም አይደለም። አብርሃም ለሣራ አለቀሰ። እስራኤል ለሙሴ 30 ቀን አለቀሱ። እስጢፋኖስን የቀበሩት ሰዎች፣ ሰማያት ተከፍተው እንዳየ የተናገረውን ሰማዕት ማለት ነው፣ ታላቅ ልቅሶ አለቀሱለት። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ሲጽፍ፣ እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ብሎ ነው ይላል (ፊልጵስዩስ 2፥27)። «ሕይወት ለእኔ ክርስቶስ፥ ሞትም ጥቅም ነውና» ብሎ የጻፈው ይኸው ጳውሎስ ነው፤ በዚያው መልእክት ውስጥ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ።

ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛን ዝም ለማሰኘት የሚጠቀሰው 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ነው። በደንብ አንብቡት። ጳውሎስ አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው ያለው። ተስፋ ያለውም ሰው ያዝናል።

ጸሎት አልወጣ ሲል

እኔ ለተወሰነ ጊዜ በራሴ ቃል መጸለይ አልቻልኩም። «ጌታ ሆይ» ብዬ እጀምርና ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ሮሜ 8፥26 ትልቅ ዕረፍት ሆነኝ። እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም፤ መንፈስ ራሱ ግን በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። እናንተ የምታቃስቱትም ይቆጠራል ማለት ነው።

ስለዚህ የራሳችሁ ቃል ሲያልቅ ተዘጋጅቶ የቆየውን ቃል ተጠቀሙ። አባታችን ሆይ በቂ ነው። «አቤቱ ማረኝ» በቂ ነው። ከሁሉም ግን መዝሙረ ዳዊትን ያዙ። 150 መዝሙራት ውስጥ ብዙዎቹ የምስጋና ሳይሆኑ የእሮሮ ናቸው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ንግግር በመጽሐፉ ውስጥ እንዲቀመጥ ካደረገ፣ ከእኛም ሊሰማው ፈቃደኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በቀን አንድ መዝሙር ብቻ። ድምፅ አውጥቼ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ልቤን የነካ መስመር ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ለመጀመር 13፣ 42፣ 77 እና 130 ጥሩ ናቸው። 13ኛው አጭር ነው፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። 42ኛው «እንባዬ በቀንና በሌሊት ምግብ ሆነኝ» የሚለው ያለበት ነው። 88ኛውን ለከፋው ቀን አስቀምጡት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፤ መዝጊያው ላይ እንኳ የሚያጽናና መስመር የለውም። እኔን ያጽናናኝ ግን እሱ ነው። ተስፋ ያለው መዝጊያ ሳልጨምርበት መጸለይ እንደምችል ያወቅሁት ከእሱ ነው።

መንገድ ላይ እንዳትደናገሩ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የመዝሙራት ቁጥር በሁሉም እትም አንድ አይደለም። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22ኛ፣ በሌላው 23ኛ ነው። እኔ የጻፍኳቸው በትልቁ ቁጥር ነው፤ ከጠፋባችሁ አንድ ቀንሳችሁ ፈልጉ።

ትንሽ ስትበረቱ የራሳችሁን ጻፉ። ረጅም አይሁን። ዛሬ የጎዳችሁን አንድ ነገር በስሙ ጥሩት፣ የምትፈልጉትን ለምኑ፣ አሁንም የምታምኑት የቀረ ነገር ካለ ጨምሩበት። ከሌለ ተዉት። ከእኔ ደብተር አንዱን ላሳያችሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የቤቱን ቁልፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። እጄ ላይ ይዤው ቁጭ አልኩ። ነገን አልጠይቅህም፤ ዛሬን አሳልፈኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ጸሎታችሁ ካልተመለሰ

ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል፤ ያለ እሱ ግን ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

ወንድሜ ሲታመም መጽሐፍ ቅዱሴን ሳነብ ስለ ፈውስ የሚናገር ጥቅስ ባገኘሁ ቁጥር፣ ዳር ላይ ስሙን በእርሳስ እጽፍ ነበር። ኢሳይያስ ላይ አለ። መዝሙር ላይ አለ። ያዕቆብ 5 ላይ አለ። ከቀብሩ በኋላ በገለጥኩት ገጽ ሁሉ ስሙ ይጠብቀኛል። ላጲስ አንሥቼ ነበር። አላጠፋሁትም። እነዚያ ጸሎቶች እውነተኛ ነበሩ፤ ከልቤ ነው የለመንኩት፤ የለመንኩትም የሚሰማ አምላክ ነው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ያረፈበትን ቀን ጻፍኩ። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አነባቸዋለሁ።

ያን ሰሞን ዮሐንስ 11ን ደጋግሜ አነበብኩ። የማርታና የማርያም ነገር ለእኔ የሌላ ሰው ታሪክ አልነበረም። ወንድማቸው ታመመ፤ ወደ ኢየሱስ ላኩ፤ እርሱ ግን መታመሙን ሰምቶ በነበረበት ስፍራ ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ወጥታ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ማርያምም መጥታ እግሩ ላይ ወድቃ ያንኑ አለች። ሁለቱንም አልተቆጣም። ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ መለሰላት። ማርያም ስታለቅስ ሲያይ ደግሞ ትምህርት አልሰጣትም፤ አለቀሰ። አንዳንድ ቀን ቃሉ ያስፈልገናል። አንዳንድ ቀን አብሮን የሚያለቅስ ጌታ ያስፈልገናል። የትኛው ቀን ላይ እንዳላችሁ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

እኔ የማርታን ቃል እንዳለ ጸሎት አደረግሁት። «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን…» ብዬ ለብዙ ጊዜ ጸልያለሁ። ቅሬታችሁን ከእርሱ ደብቃችሁ ለሰው ከምትናገሩት፣ ቀጥታ ለእርሱ ንገሩት። ቅሬታውን ይዞ የሚመጣ ሰው ገና ጀርባውን አልሰጠም።

«እምነታችሁ ቢጎድል ነው ያልዳነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። ጳውሎስ ብዙ ሕሙማንን የፈወሰ ሐዋርያ ነው፤ ሆኖም በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 «ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ይላል። የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖም «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ አላለፈም። እነዚህ ሁሉ እምነት ጎድሏቸው ነው?

የሰው ቃል

የሚመጡ ሰዎች ክፉ አስበው አይናገሩም፤ ዝምታውን መቋቋም ከብዷቸው ነው። «እግዚአብሔር ወድዶት ነው የወሰደው»፣ «አንቺ እንዲህ ከሆንሽ እናትሽ ምን ትሁን»፣ «አሁንስ በቃሽ» ይላሉ። መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ እለፉ። የኢዮብ ባልንጀሮች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ከሥራቸው ሁሉ የተሻለው ነበር። መናገር ሲጀምሩ ነው የተበላሸው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው።

እናንተ ደግሞ ሰው ምረጡ። ጌታ በጌቴሴማኒ ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ ሦስቱን ለይቶ ወሰደና «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። እርሱ እንዲህ ብሎ ከለመነ እኛ ምን ያሳፍረናል? ለአንድ የምታምኑት ሰው «ዛሬ ማታ አብረሽኝ ቆዪ፣ ማውራት አይጠበቅብሽም» በሉ። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ለሚል ሰው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ስጡት፦ ልጆቹን አምጣልኝ፣ ይህን ወረቀት አስፈጽምልኝ፣ ማክሰኞ ደውልልኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ

እኔን ከስብከቱ ይልቅ መዝሙሩ ነበር የሚጥለኝ። ወንድሜ ይወደው የነበረ መዝሙር ሲጀመር ጉልበቴ ይከዳኛል። ዳር ላይ፣ ለመውጫው ቀረብ ብላችሁ ቁሙ። ሲበዛባችሁ ውጡ፣ አየር ውሰዱ፣ ተመለሱ። መዘመር ካቃታችሁ ሌሎቹ ይዘምሩላችሁ። በማርቆስ 2 ላይ ሽባውን ተሸክመው በጣሪያ ያወረዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ ነው ለሽባው የተናገረው። በሌላ ሰው እምነት መደገፍ ነውር የለበትም።

ላረፈው ሰው በሚደረግ ጸሎት ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት ሥርዓት የላቸውም። ለነፍሱ የሚጸልዩ አሉ፤ ስለ ሕይወቱ እግዚአብሔርን አመስግነው ለቀሩት የሚጸልዩም አሉ። የእናንተን ካህን ወይም ፓስተር ጠይቁ። በጥያቄ ከመብሰልሰል ይልቅ ቀርቦ መጠየቁ ያሳርፋል።

ስሙን ጥሩት

ብዙ ቤት ውስጥ የሞተው ሰው ስም እንዳይነሣ ሁሉም ይጠነቀቃል። የሐዋርያት ሥራ 9ን አንብቡ። ኢዮጴ ውስጥ ዶርቃ የምትባል ደቀ መዝሙር ሞተች። ጴጥሮስ ሲመጣ መበለቶቹ ሁሉ እያለቀሱ፣ በሕይወት ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች እያሳዩት ቆሙ። እያለቀሱ ያሳዩታል። ጴጥሮስም ዝም በሉ ብሎ አልገሠጻቸውም።

እናንተም አሳዩ። ፎቶውን አውጡ። እኔ የወንድሜን ደብተር ለእህቴ ልጆች አሳይቻቸዋለሁ፤ የሚጸልይላቸውን ሰዎች ስም በተርታ ይጽፍ ነበር፣ የእነሱም ስም አለበት። ትልቋ ስሟን በጣቷ እየነካች ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙን መጥራት ቀለለ። እያንዳንዱን ትዝታ «ስለ እሱ አመሰግንሃለሁ» በሚል ጸሎት መዝጋት ትችላላችሁ። እንባ እየወረደም ምስጋና ይቻላል።

ጸጸትን በተመለከተ አጭር ቃል ልጨምር። «ቶሎ ወስጄው ቢሆን»፣ «ያን ቀን ባልተቆጣሁት» የሚለው ሐሳብ ሌሊት ነው የሚመጣው። ብቻችሁን አትፍረዱ። ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመሪያችሁ በቃል ተናገሩት። ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ እንደሆነ 1ኛ ዮሐንስ 3፥20 ይናገራል። እውነተኛ በደል ከሆነ ይቅርታ አለው፤ በደል ካልሆነም ሌላ ሰው ሲሰማው ይለይላችኋል።

ስለ ትንሣኤው

ሞት መልካም ነገር ነው እንድትሉ ማንም አያስገድዳችሁ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥26 «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ይላል። ጠላት ነው ያለው። ጠላት የወሰደውን ሰው ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ጠላቱ እንደሚሻር መጠበቅም እንዲሁ። ይህ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ለእኔ ሩቅ ነበር። በግድ አልተጫንኩትም። ቆይቶ ተመለስኩበት። መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ደጅ ቆማ ስታለቅስ፣ ከሞት የተነሣውን ጌታ አጠገቧ ቆሞ እያየችው አላወቀችውም፤ አትክልተኛ መሰላት። ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። እንባችሁ አሁን ቢጋርዳችሁ፣ እርሱ በዚያ የለም ማለት አይደለም።

ሐኪምና ቀኖቹ

ወራት አልፈው ሥራ መሥራት፣ መብላት፣ ከአልጋ መነሣት ጭራሽ ካልተቻለ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ወር በላይ ሳይበርድ ኑሮን የሚያናጋ የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል፤ ሕክምናም አለው። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ አጠገባችሁ ላለ ሰው አሁኑኑ ተናገሩ። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም ነበር። ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መተው አይደለም።

ቀኖቹን ደግሞ ቀድማችሁ አስቡባቸው። የልደቱ ቀን፣ ያረፈበት ቀን፣ የትንሣኤ በዓል። ከሳምንት በፊት ለአንድ ሰው «ያን ቀን አብረኸኝ ዋል» በሉ። የሚነበበውን ምረጡ፣ ማን እንደሚያነብ ተነጋገሩ። እኛ በወንድሜ ልደት ቀን ዮሐንስ 11ን እናነባለን፤ ማርታ የተናገረችውን እኔ፣ ማርያም የተናገረችውን እህቴ። በበዓል ቀን ቤት ሞልቶ ሰው ሲስቅ ልባችሁ ቢከፋ፣ ጓዳ ገብታችሁ ትንሽ አልቅሱና ፊታችሁን ታጥባችሁ ተመለሱ። ያን ያየ ልጅ ቢጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት፦ «አጎትህ ናፍቆኝ ነው።»